የመስጂዳችንን ልክ እንያዝ፦ በኮምፒውተር ጠጣር ቅርጽ ስለመገንባት



ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዕለቱ ጁሙዓ ነበር። በዚያ ቀን በምሥራቅ ጎጃም ሞጣ ከተማ አራት መስጂዶች ጥቃት ደረሰባቸው፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ በየከተማው ሰው ወጥቶ ሐዘኑንና ተቃውሞውን ገለጸ፤ ለመልሶ ግንባታም ገንዘብ ተዋጣ። ይህን የማነሣው የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም። የምሕንድስና ተማሪ ከሆንኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ ስላለኝ ነው። አንድ መስጂድ ከፈረሰ ልኩ ከየት ይገኛል? ሚህራቡ ምን ያህል ወደ ውስጥ ይገባ ነበር? ቁባው ስንት ሜትር ይሰፋ ነበር? የቂብላው ግድግዳ ወዴት ዞሮ ነበር?

ባለፈው ክረምት ቢቸና ሳለሁ ይህንኑ ጥያቄ ለአንድ አዛውንት ሐጂ አቀረብኩላቸው። በወጣትነታቸው መስጂዱ ሲሠራ ድንጋይ ካቀበሉት ሰዎች አንዱ ናቸው። «ሐጂ፣ የመስጂዱ ፕላን የት ይገኛል?» አልኳቸው። ሳቅ ብለው ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ልጄ፣ እዚህ ነው ያለው። ርዝመቱ ሃያ ስድስት ክንድ፣ ወርዱ አሥራ ስምንት። ክንዱ ግን የግንበኛው ነበር፤ እሱም አላህ ይዘንለትና ሞቷል» አሉኝ።

ቁጥሩ አለ፣ መለኪያው ግን ተቀብሯል። ሐጂም አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው እንጂ ቁጥሩን ይዘው መሄዳቸው አይቀርም። የዛሬው ትምህርት መነሻ ይህ ነው። የአንድን ሕንፃ ልክ በትክክል ወስዶ በኮምፒውተር ጠጣር ቅርጽ አድርጎ ማስቀመጥ ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ብቻ የሚተው የክፍል ሥራ አይደለም፤ አማና መጠበቅ ነው። ማንኛችሁም የምትማሩት ሊሆን ይችላል፤ ቀጥዬ ደረጃ በደረጃ አሳያለሁ።

ልክ ያለው ሕንፃና ልክ የሌለው

ከሞጣው ጥቃት ስምንት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ሚያዝያ 15 ቀን 2019፣ በፓሪስ የሚገኘው የኖትርዳም ካቴድራል ጣሪያ በእሳት ወደመ። አንድሩ ታሎን የተባለ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ግን በ2010 ሕንፃውን ከውስጥም ከውጭም በሌዘር ለክቶት ነበር። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ነጥቦች ተመዝግበዋል። ታሎን ራሱ በ2018፣ ቃጠሎው ሳይደርስ ሞተ፤ ልኩ ግን ከሱ በኋላ ቀረ፤ ለጥገናው ሥራም አገለገለ። ካቴድራሉ በታኅሣሥ 2024 እንደገና ተከፈተ።

እኛ ሌዘር የለንም። ሜትር፣ ሲባጎ፣ ቱምቢና ስልክ ግን አለን። የመስጂዶቻችን ስፋትም የካቴድራል አይደለም፤ አራት ተማሪዎች በሁለት ቀን የሚጨርሱት ነው።

ሕንፃን በቁጥር መያዝ ለሙስሊሞች አዲስ ነገር እንዳልሆነም እናስታውስ። በሰመርቀንድ የሠራው ጊያሱዲን ጀምሺድ አል-ካሺ በ1427 «ሚፍታሕ አል-ሒሳብ» የተባለ መጽሐፉን ጨረሰ። በዚያ ውስጥ ቅስት፣ ቁባና ሙቀርነስ እንዴት እንደሚለኩ የሚያስተምር ክፍል አለ። ዛሬ ኮምፒውተሩ የሚሠራልንን ስሌት እሱ በእጁ ይሠራው ነበር።

ጠጣር ቅርጽ ምንድን ነው?

ኮምፒውተር ላይ አንድን ሕንፃ በሦስት መንገድ ማሳየት ይቻላል።

የመጀመሪያው የመስመር ቅርጽ ነው። ገና ጭቃ ያልተመረገ ቤት አስቡ። ቋሚው፣ ማገሩና ወራጁ ይታያል፤ በመካከሉ ግን እጃችሁ ያልፋል። ሁለተኛው የገጽ ቅርጽ ነው። ይህ ባዶ ካርቶን ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ ነገር ግን ውፍረት የለውም። ሦስተኛው ጠጣር ቅርጽ ወይም ሶሊድ የምንለው ነው። ይህ እንደ ጡብ ነው። ኮምፒውተሩ የትኛው ነጥብ ከግድግዳው ውስጥ፣ የትኛው ከግድግዳው ውጭ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ይዘቱን ያሰላል፣ ክብደቱን ይናገራል፣ ስንቆርጠውም የተቆረጠውን ፊት ያሳየናል። ሦስቱ በስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ። ልዩነቱ የሚታወቀው «ስንት ሜትር ኪዩብ ነህ?» ተብለው ሲጠየቁ ነው።

ጠጣር ቅርጽ ለመሥራት ሦስት ነገር ማወቅ ይበቃል። አንደኛ፣ ማንሣት፤ በወለል ላይ የተሣለ የተዘጋ ቅርጽ ወደ ላይ ይሳባል። በአውቶካድ ኤክስትሩድ፣ በፍሪካድ ፓድ ይባላል። ሁለተኛ፣ ማዞር ወይም ሪቮልቭ፤ የተዘጋ ቅርጽ በአንድ ዘንግ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ሸክላ ሠሪ ጭቃውን እያዞረች እንስራ እንደምታወጣው ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ቅርጾችን እርስ በርስ ማዋሃድ፣ አንዱን ከሌላው መቀነስ፣ የጋራቸውን ብቻ ማስቀረት፤ ዩኒየን፣ ሰብትራክት፣ ኢንተርሴክት። በሒሳብ ክፍል ስለ ስብስብ የተማርነው ነው፤ እዚህ ግን የስብስቡ አባላት ቁጥሮች ሳይሆኑ በቦታ ላይ ያሉ ነጥቦች ናቸው።

ፕሮግራም ለሌላችሁ ፍሪካድን እመክራለሁ። በነፃ የሚገኝ ነው፤ በፍላሽ ተቀባብሎ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይቻላል።

መጀመሪያ ሜትር፣ ቀጥሎ ኮምፒውተር

ከመለካታችሁ በፊት የመስጂዱን ኢማምና ኮሚቴ አስፈቅዱ። ሶላት የሌለበትን ሰዓት ምረጡ። የሴቶችን ክፍል እህቶች ይለኩት። አንዱ ሜትር ይያዝ፣ አንዱ ጫፉን ይያዝ፣ አንዱ ይጻፍ፤ ጸሐፊው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይድገመው።

ርዝመትና ወርድ ብቻ ለክታችሁ አትመለሱ። ከጥግ እስከ ጥግ ያለውን፣ ዲያጎናሉን፣ በሁለቱም በኩል ለኩ። የክፍሉ ውስጥ 13.20 በ9.20 ሜትር ከሆነና ጥጎቹ ቀጥ ካሉ ሁለቱም ዲያጎናሎች 16.09 ሜትር መሆን አለባቸው። እኔ በለካሁት መስጂድ ሁለቱ ዲያጎናሎች 11 ሴንቲ ሜትር ተለያዩ። እኔ ግን ኮምፒውተር ላይ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ሥዬ አለፍኩ፤ ሲያዩት ያምር ነበር። አብሮኝ የለካው ጓደኛዬ አይቶ «ኮምፒውተርህ ሕንፃውን አቃናው እንጂ ግንቡ እኮ አልተቃናም» አለኝ። እውነቱን ነው። የእኛ ሥራ መሆን የነበረበትን ሳይሆን ያለውን መመዝገብ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ክፍሉን በዲያጎናሉ ከሁለት ሦስት ማዕዘን ክፈሉት። የሦስት ማዕዘን ሦስቱ ጎኖች ከታወቁ ቅርጹ አንድና አንድ ብቻ ነው፤ ሊያመልጥ አይችልም።

የግድግዳ ውፍረት በበርና በመስኮት መክፈቻ ላይ ይለካል፤ የልስኑን ውፍረት ከቻላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። ግድግዳው ማዘንበል አለማዘንበሉን በቱምቢ፣ ወለሉን በውሃ ልክ አረጋግጡ።

ቂብላን በተመለከተ፣ ከሞጣ ወደ መካ ያለው አቅጣጫ ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ 10 ዲግሪ ያህል ነው፤ ከቢቸና ደግሞ 8 ዲግሪ ያህል። የሕንፃው አቀማመጥ ግን ከዚህ ትንሽ ሊለይ ስለሚችል የቆመበትን ለኩ። የስልክ ኮምፓስ በፌሮና በቆርቆሮ አጠገብ ይሳሳታል፤ ከሕንፃው ራቅ ብላችሁ፣ በግድግዳው መስመር ትይዩ ቆማችሁ ደጋግማችሁ ለኩ። ኮምፓስ የሚያሳየው ሰሜንና እውነተኛው ሰሜን አንድ እንዳልሆኑም አትርሱ፤ የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ጻፉ።

ግንባታው ደረጃ በደረጃ

የማንንም መስጂድ ትክክለኛ ልክ እዚህ አላወጣም። ለልምምድ እንዲመቸን የተጠጋጉ ቁጥሮች እንጠቀማለን። መነሻ ነጥባችን የውጭው ደቡብ ምዕራብ ጥግ ይሁን፤ ኤክስ ወደ ቀኝ፣ ዋይ ወደ ቂብላ፣ ዜድ ወደ ላይ። ሕንፃውን አሁን ቀጥ አድርገን እንሥራው፤ ወደ ቂብላ ማዞሩን በመጨረሻ እናደርገዋለን።

1. ግድግዳ። 14 በ10 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሣሉና 4.50 ሜትር አንሡት። አሁን ያላችሁ አንድ ትልቅ ድፍን ድንጋይ ነው። ሁለተኛ፣ 13.20 በ9.20 የሆነ አራት ማዕዘን ከየጎኑ 0.40 ሜትር ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ሣሉ፤ እሱንም 4.50 አንሥታችሁ ከመጀመሪያው ቀንሱት። የቀረው 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ ነው። በአውቶካድ ሰብትራክት ስታደርጉ መጀመሪያ የሚቀረውን መርጣችሁ ኢንተር፣ ቀጥሎ የሚወጣውን መርጣችሁ ኢንተር። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁ ግድግዳው ይጠፋል።

2. በርና መስኮት። መስኮት 1.20 በ1.50 ሜትር የሆነ ሳጥን ነው፤ ስድስት ሠርታችሁ ከግድግዳው ቀንሱ። ሳጥኑን ከግድግዳው ውፍረት ትንሽ አስረዝሙት፤ ፊቱ ከግድግዳው ፊት ጋር ልክ ለልክ ከሆነ አንዳንዴ ቀጭን ሽፋን ሊቀር ይችላል። በሩ ቅስት ይኑረው። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ያለውን ሰባራ ድልድይ ያየ ሰው ቅስት ምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተገነባ፣ በጣሊያን ጊዜ ቅስቱ የተሰበረ ድልድይ ነው። ቅስት በካድ ቋንቋ ከግንብ ላይ የተቀነሰ ግማሽ ሲሊንደር ነው። የበራችን ስፋት 1.60፣ ቀጥ ያለው ክፍል ቁመት 2.00 ሜትር፣ ከላዩ በ0.80 ሜትር ሬዲየስ የተሣለ ግማሽ ክብ። ሁለት በር ቀንሱ።

3. ሚህራብ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሚህራቡ 0.60 ሜትር ወደ ግድግዳው ይገባል፤ ግድግዳው ግን 0.40 ብቻ ነው። ዝም ብለን ከቀነስን ወደ ውጭ ይበሳል። ስለዚህ መጀመሪያ እንጨምራለን፣ ከዚያ እንቀንሳለን። የክቡን ማዕከል በቂብላው ግድግዳ ውስጠኛ ፊት መካከል ላይ አድርጉ፤ ኤክስ 7.00፣ ዋይ 9.60። 1.00 ሜትር ሬዲየስ ያለው ግማሽ ሲሊንደር ወደ ውጭ ብቻ፣ 3.00 ሜትር ቁመት ሠርታችሁ ከግድግዳው ጋር አዋሕዱ። ቀጥሎ በዚያው ማዕከል 0.60 ሬዲየስና 2.20 ቁመት ያለው ሲሊንደር፣ በላዩም 0.60 ሬዲየስ ያለው ሉል ማዕከሉን 2.20 ላይ አድርጋችሁ ቀንሱ። ጀርባው 40 ሴንቲ ሜትር ግንብ ይቀርለታል። መጀመሪያ ቀንሳችሁ ቀጥሎ ብታዋሕዱ ግን የከፈታችሁት ሚህራብ ተመልሶ ይደፈናል። ሁለቱ ሥራዎች አንድ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ውጤቱን ይለውጠዋል። ከግንባታ ቦታ የሚለየው ነገር የለም፤ በር ከተከፈተ በኋላ ግንብ የሚገነባበት ግንበኛ የለም።

4. ሶሌታ። 14 በ10 ሜትር፣ 0.20 ውፍረት፣ ከ4.50 ከፍታ ጀምሮ። በመካከሉ 1.88 ሜትር ሬዲየስ ያለው ቀዳዳ ቀንሱ። ይህን የረሳ ሰው ቁባውን ከውጭ ያየዋል፤ ከውስጥ ቀና ሲል ግን ጣሪያ ብቻ ያያል።

5. ቁባ። ቁባን በማዞር እንሠራዋለን። በቆመ ሰሌዳ ላይ 2.00 ሜትር ሬዲየስ ያለው ሩብ ክብ ሣሉ፤ በዚያው ማዕከል ሌላ 1.88 ሬዲየስ ያለው ሩብ ክብ። ሁለቱን ከታችና ከላይ በ0.12 ሜትር መስመሮች አገናኙ። አራቱ መስመሮች አንድ የተዘጋ ቅርጽ መሆን አለባቸው፤ በአውቶካድ ጆይን ብላችሁ አያይዟቸው። አንድ ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለ ስታዞሩት የምታገኙት ካርቶን ነው እንጂ ጡብ አይደለም። ቅርጹን በቁመት ዘንጉ ዙሪያ 360 ዲግሪ አዙሩት፤ 12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁባ ይወጣል። በእውነቱ ብዙ ቁባ ልክ ግማሽ ሉል አይደለም፤ ሾል ያለ ወይም ሆዱ የሰፋ ነው። ያን ጊዜ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ከፍታ ስፋቱን ለኩ፤ ነጥቦቹን በኩርባ አገናኝታችሁ በዚሁ መንገድ አዙሩ።

6. ሚናራ። ከታች 2.00 በ2.00 የሆነ፣ 5 ሜትር የሚረዝም አራት ማዕዘን፤ በላዩ 0.80 ሬዲየስና 6 ሜትር ቁመት ያለው ሲሊንደር፤ በላዩ 0.90 ሬዲየስና 1.60 ቁመት ያለው ኮን። ሦስቱን አዋሕዱ፤ ከዚያ ከታች ጀምሮ እስከ 11 ሜትር የሚደርስ 0.60 ሬዲየስ ያለው ሲሊንደር ከውስጡ ቀንሱ።

7. ጨረቃዋ። 0.30 ሬዲየስ ያለው ክብ ሣሉ፤ 0.25 ሬዲየስ ያለውን ሌላ ክብ በ0.10 ሜትር ወደ ጎን አሸሽታችሁ ቀንሱትና 0.03 ሜትር ውፍረት ስጡት። ጨረቃዋን በኮኑ ጫፍ ላይ ዝም ብላችሁ ካስቀመጣችኋት በአንዲት ነጥብ ብቻ ትነካለች። በአንዲት ነጥብ የተያያዙ ሁለት ጠጣር ቅርጾች አንድ አካል ሊሆኑ አይችሉም፤ ፕሮግራሙ ወይ እምቢ ይላል ወይ የተበላሸ ቅርጽ ይሰጣችኋል። እንደ ብረት ሠሪ አስቡ። 0.03 ሬዲየስ ያለው ዘንግ ከኮኑ ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች አስገቡ፤ በላይኛው ጫፉም ጨረቃዋን ይያዝ።

8. ወደ ቂብላ ማዞር። ሁሉንም መርጣችሁ በለካችሁት ዲግሪ አዙሩ። ካድ አዎንታዊ ዲግሪን ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው የሚያዞረው። ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 10 ዲግሪ ለማዞር ስለዚህ የሚጻፈው 10 ሳይሆን ሲቀነስ 10 ነው። ምልክቷን ከረሳችሁ መስጂዱ ወደ ምዕራብ ይዞራል፤ ከትክክለኛው አቅጣጫም 20 ዲግሪ ይርቃል።

በእጅ ማረጋገጥ

ኮምፒውተር ቁጥር ሲሰጠን ዝም ብለን አንቀበል። ግድግዳውን በእጅ እናስላው። የውጩ ስፋት 140 ካሬ፣ የውስጡ 121.44 ካሬ፣ ልዩነቱ 18.56፤ በ4.50 ሲባዛ 83.52 ሜትር ኪዩብ። ስድስቱ መስኮቶች 4.32፣ ሁለቱ ባለ ቅስት በሮች 3.36 ሜትር ኪዩብ ያወጣሉ። የሚቀረው 75.84 ነው። ሚህራቡን ከመጨመራችሁ በፊት ፕሮግራሙ ይህን ካልሰጠ አንድ ቦታ ስሕተት አለ። በአውቶካድ ማስፕሮፕ የሚለው ትእዛዝ ይዘቱን ይነግራችኋል። ፍሪካድ መልሱን በሚሊ ሜትር ኪዩብ ከሰጣችሁ በረጅሙ ቁጥር አትደንግጡ፤ ለአንድ ቢሊዮን አካፍሉት።

አሁን የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ቁባ ስሠራ የውስጡን ሩብ ክብ ረሳሁት፤ ድፍን ግማሽ ሉል ነበር። ከውጭ ምንም ልዩነት አይታይም፤ አረንጓዴ ቀብቼው ለጓደኞቼ አሳየኋቸው፤ አደነቁ። ይዘቱን ሳሰላ 16.76 ሜትር ኪዩብ አለኝ። ትክክለኛው 2.84 ነው። ስድስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ለአንድ ሜትር ኪዩብ አርማታ 3.5 ኩንታል ሲሚንቶ ብለን ብንነሣ፣ ትክክለኛው ቁባ 10 ኩንታል ያህል፣ የእኔ ድፍን ቁባ ግን 59 ኩንታል ያህል ይጠይቃል። 49 ኩንታል ሲሚንቶ አንድ መስመር በመርሳት!

ይህ የክፍል ሥራ ቢሆን ጥቂት ማርክ ይቀነስብኝ ነበር። የመስጂድ ሥራ ሲሆን ግን ያ ሲሚንቶ የሚገዛው በሶደቃ ነው፤ አንዲት እናት ከእንቁላል ሽያጭ ያስቀረቻት ገንዘብ አለችበት። በመድረሳ ገና ጁዝ ዓምማ ላይ ሳለን ሱረቱል ሙጠፊፊንን ሐፍዘናል። ስሟ በስፍርና በሚዛን ከሚያጎድሉ ሰዎች የተወሰደ ነው። ልጅ ሳለሁ ስለ እህል ነጋዴ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሜትርና ኪቦርድ የያዘ ሰውም እንደሚመለከተው ይሰማኛል። እያወቅን ባናጎድል እንኳ ሳናጣራ የምንሰጠው ቁጥር የሰው ሐቅ ይነካል።

ያልለካነውን አንሙላ

በመለካት ጊዜ የማይደረስባቸው ነገሮች አሉ፤ የመሠረቱ ጥልቀት፣ የቁባው ውፍረት፣ በአርማታው ውስጥ ያለው ፌሮ። እነዚህን በግምት ሞልተን እንደተለካ አናስቀምጥ። እኛ የተለካውን በነጭ፣ ሰው የነገረንን በቢጫ፣ የገመትነውን በግራጫ ቀለም ለይተናል። ሐጂ የነገሩን «ሃያ ስድስት ክንድ» ከነቃሉ ቢጫ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከጎኑ እኛ በሜትር የለካነው በነጭ አለ። በዚህም ሳናስበው የግንበኛው ክንድ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደነበር ማስላት ቻልን!

አንድ ማሳሰቢያ፤ ይህ የልክ መዝገብ ነው እንጂ የግንባታ ዲዛይን አይደለም። ሕንፃ እንደገና ሲሠራ የሙያ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ጥንካሬውን ማስላት አለበት። የእኛ ሥራ እሱ ከባዶ እንዳይጀምር ማድረግ ነው።

ሥራውን ስትጨርሱ ፋይሉን በፕሮግራሙ ቅርጽ ብቻ አትተዉት፤ በስቴፕ ቅርጽም አስቀምጡት፤ ሌሎች ፕሮግራሞችም ይከፍቱታልና። ዋና ዋና ልኮችን በወረቀት አትሙ፤ የለካችሁበትን ቀንና የተጠቀማችሁበትን ሰሜን ጻፉ። አንድ ቅጂ ለመስጂዱ ኮሚቴ፣ አንድ ለጀመዓችን፣ አንድ ከዚያ ከተማ ውጭ ለሚኖር የታመነ ሰው ይሰጥ። ሦስቱም በአንድ ቤት ከተቀመጡ አንድ ቅጂ ማለት ነው። ያለ ኮሚቴው ፈቃድ በማኅበራዊ ሚዲያ አትልቀቁት።

የቤት ሥራ

በሚቀጥለው እረፍት እያንዳንዳችን ወደየቤታችን ስንሄድ የሰፈራችንን መስጂድ እንለካ። ትልቅ መሆን የለበትም፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የገጠር መስጂድም ልክ አለው። ካድ የማትችሉ ለኩና ቁጥሩን አምጡ፤ የምንችለው እንሥራው። ከመለካታችሁ በፊት ግን የሠፈሩን አዛውንቶች ጠይቁ፤ ማን ገነባው፣ ድንጋዩ ከየት መጣ፣ የትኛው ክፍል በኋላ ተጨመረ። ሜትር የማይደርስበትን እነሱ ያውቁታል።

ክረምቱ ሲያልቅ ወደ ግቢ ከመመለሴ በፊት የታተመውን ፕላን ለሐጂ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን በደቡቡ ጥግ ላይ አሳረፉና፣ «ይህቺ ትንሽ የጠመመችው እኔ ድንጋይ ያቀበልኩባት ናት» አሉኝ። 11 ሴንቲ ሜትሯን ማለታቸው ነበር። አቃንቼ ሥዬው ቢሆን ኖሮ አያገኟትም ነበር።

አላህ ቤቶቹን ይጠብቅልን፤ የፈረሱትን የገነቡትን፣ የሰጡትንና የለፉትን ይቀበላቸው፤ ለእኛም የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን። አሚን።